ጉንጬ ላይ የተቀባው ጤና አዳም

ፊቴ የከዳኝ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ነው። ከግንባሬ እስከ አገጬ ብጉር ወረረኝ። ጫፉ ነጣ ብሎ በማግሥቱ የሚጠፋው ዓይነት ቢሆን ምን ነበረበት! የኔው ውስጥ ለውስጥ የሚያብጥ፣ ሲነኩት እስከ ጆሮ የሚወጋ፣ ሲፈርጥም ጥቁር ምልክት ትቶ የሚሄድ ነበር። ዘመኑ በፈረንጆቹ የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው፤ አሜሪካ፣ ኦክላንድ ከተማ ውስጥ የሃይስኩል ተማሪ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት የመታጠቢያ ቤቱን መብራት ሳላበራ ነበር ፊቴን የምታጠበው።

የሐበሻው ቀልድ ደግሞ ማለቂያ አልነበረውም። ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች አንዱ ውስጥ ስንገባ ስሜን እንኳ የማያውቅ ሰውዬ «ምነው፣ ባል አማረሽ እንዴ?» ይለኛል፤ ጠረጴዛው ሁሉ ይስቃል። እናቴም አብራ ትስቃለች። እኔ አንገቴን ደፍቼ እበላለሁ። ብጉር አውጥቶ ያልተሳቀበት ልጅ የለም፣ ቀልድ ነው፣ ምን ያስቀይማል ይሉኛል። ይሁንላቸው። እኔ እነዚያን ሰዎች እስከ ዛሬ አልወዳቸውም።

እናቴ ብጉር የሚባል በሽታ መኖሩን አታምንም ነበር። ለእሷ ፊት ላይ የሚወጣ ነገር ሁሉ ምች ነው። በልተሽ አፍሽን ሳትጉመጠመጪ ፀሐይ ከወጣሽ ምች ይመታሻል። ላብሽ ሳይደርቅ ብርድ ካገኘሽም ምች ነው። ከንፈር ቢቆስል፣ ዓይን ቢያብጥ፣ ራስ ቢፈልጥ ምክንያቱ ያው ነው፤ መድኃኒቱም ያው ቅጠል። እኔ በእንግሊዝኛ «አክኒ ነው፣ ሁሉም ልጅ አለበት» ስላት «ሁሉም ልጅ ፀሐይ ላይ ስለሚውል ነዋ» ትለኛለች። እሷን ተከራክሮ መርታት አይሞከርም።

ይህን ስል እናቴን መሳቂያ ላደርጋት አይደለም። አዲስ አበባ ሳለን የሰፈሩ ቅጠል አዋቂ እሷ ነበረች። የግቢያችን ጥግ ላይ ዳማከሴ፣ ጤና አዳምና ግራዋ ተክላ ነበር። ልጁ ፊቱ ያበጠበት ሁሉ እኛ ቤት ይመጣል። እናቴ ቅጠሉን ቀንጠስ ቀንጠስ ታደርግና በሁለት መዳፏ ታሸዋለች፤ ጭማቂው አረንጓዴ ሆኖ ሲወርድ ለልጁ አፍንጫው ላይ ጠብ ታደርግለታለች፤ የቀረውን ግንባሩንና ጉንጩን ትቀባዋለች። ከዚያ እናቲቱን «ተሸፋፍኖ ይተኛ፤ ዛሬ ፀሐይ እንዳያየው» ብላ ትሸኛታለች። በማግሥቱ ልጁ ድኖ ኳስ ሲያባርር አየዋለሁ። በዚያ ሰፈር ውስጥ እናቴን ሳይጠራ የሚታከም አልነበረም።

ኦክላንድ ስንመጣ ይህ ሁሉ ቀረ። እናቴ አጠገባችን ባለው ኤል ሴሪቶ ውስጥ አንዲት አልጋ ላይ የዋለች ፈረንጅ አሮጊት የምትጠብቅ ሠራተኛ ሆነች። ሺፍቷ የማታ ነው። ጠዋት እኔ ስወጣ ትገባለች፣ ቀኑን መጋረጃ ዘግታ ትተኛለች፣ እኔ ስመለስ ልትወጣ ትዘጋጃለች። ፀሐይ የሚያያት በእረፍቷ ቀን ብቻ ነበር። እንግሊዝኛዋ ለአሮጊቷ መድኃኒትና ለአውቶቡስ ሹፌር የሚበቃ እንጂ ከዚያ አያልፍም። አዋቂ የነበረች ሴት እንዲህ አንሳ ስትኖር ማየት ልብ ይሰብራል፤ ያኔ ግን ልቤን የሰበረው የራሴ ፊት ስለነበር ለእሷ ያዘንኩላት ኋላ ነው።

ስለዚህ ፊቴ ሲበላሽ እናቴ ሥራ አገኘች ማለት ይቻላል። እኔ ፋርማሲ የሚሸጠውን ክሬም ግዢልኝ ብዬ ለመንኩ። «ኬሚካል? የልጅ ፊት ላይ?» አለች፤ ነገሩ በዚያው ተዘጋ። መጀመሪያ ከጎረቤት አጥር ሥር እሬት ቆርጣ መጣች። ዝልግልጉን ፊቴ ላይ ለጥፋ እስኪደርቅ አስቀመጠችኝ፤ ከንፈሬ ላይ የደረሰው ምሬት ምሳዬን አስጠላኝ። ቀጥሎ ከሥራዋ ስትመለስ የባሕር ዛፍ ቅጠል በላስቲክ ሞልታ አመጣች፤ የኤል ሴሪቶ ኮረብታ ሙሉውን ባሕር ዛፍ ነው። ቅጠሉን አፍልታ ብርድ ልብስ አልብሳኝ አጠነችኝ። ላቤ እንደ ውሃ ወረደ። ብጉሩ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ዳማከሴ ቢኖር» ትላለች በየቀኑ። «ዳማከሴ ቢኖር በአንድ ቀን ነበር የማጠፋልሽ።» ከአገር ቤት የሚመጣ ሰው በሻንጣው ይዞላት ቢመጣም ደርቆ፣ ተሰባብሮ፣ ሽታው ጠፍቶ ነው የሚደርሰው። እጇ ላይ አድርጋ ታየውና «ይኼማ ሞቷል» ብላ ትጥለዋለች።

ሳን ሆዜ ውስጥ ከእናቴ በዕድሜ ከፍ የምትል አንዲት የድሮ ጎረቤታችን ነበረች። እኔ እትዬ ነው የምላት፣ ፊት ለፊቷ አንቱ እያልኩ። ባለ ጓሮ ቤት ተከራይታ ትኖራለች፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሜዳ ላይ በሚቆመው ትልቁ ገበያ ሻርፕ፣ የፀሐይ መነጽርና የጆሮ ጌጥ ትሸጣለች። ትምህርት ሊዘጋ ሳምንት ሲቀረው በአንድ ቅዳሜ ማለዳ እናቴ ከሥራ እንደወጣች ባርት የሚሉትን ባቡር ተሳፍረን፣ ፍሪሞንት ወርደን፣ ከዚያ አውቶቡስ ይዘን እትዬ ጋ ሄድን። እናቴ መንገዱን ሁሉ አንቀላፋች።

እትዬ ጓሮ ስንገባ እናቴ ከእንቅልፏ ነቃች ማለት ይቀላል። አጥሩ ሥር ጤና አዳም ከጉልበቷ በላይ በቅሎ፣ ቢጫ አበባ አውጥቶ ቆሟል።

«የት አገኘሽው?» አለች እናቴ ድምፅዋ ተለውጦ።

«ሜክሲኮዎቹ ሱቃቸው ውስጥ በእስር በእስር ይሸጡታል። አንዱን ዘንጥፌ ተከልኩት። ዳማከሴ እንቢ አለኝ እንጂ ይኼስ እንደ አረም ነው።»

«ታዲያ ይኼም ለምች አይደል? አገር ቤት ከዳማከሴው ጋር ጨምረን እናሸው የለ?»

«ይሆናል እንጂ፤ ምን ክፋት አለው?»

ሁለቱ ሴቶች በአንድ ጊዜ ወደኔ ፊት ዞሩ።

እናቴ ጓሮው ውስጥ በርጩማ ላይ አስቀመጠችኝ። ጤና አዳሙን በመዳፎቿ አሸችው። ሽታው ጓሮውን ሞላው። በሦስት ጣቶቿ ከዓይኔ ሥር ጀምራ ወደ አገጬ ሳብ፣ ሳብ እያደረገች ቀባችኝ፤ ግራውን ጨርሳ ቀኙን። አላቃጠለኝም። እንዲያውም ቀዘቀዘኝ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። እሷ ስትሠራ እኔ ስተኛ፣ እኔ ስማር እሷ ስትተኛ፣ እንዲህ ቀስ ብላ ፊቴን ከዳሰሰችኝ ስንት ጊዜው! ዓይኔን ጨፍኜ ቶሎ ባትጨርስ ብዬ ተመኘሁ።

ስትጨርስ እጇን በቧንቧው ውሃ በሳሙና ታጠበች። የአሮጊቷ ቤት አስለምዷት እጅ መታጠብ ይበዛባታል።

ይኼኔ እትዬ ገበያ ላይ የምታግዛት ልጅ እንደቀረችባት ነገረችን፤ «እስቲ ይቺን ልጅ አውሺኝ፣ እንግሊዝኛም ትችላለች» አለች። እኔ የአዲስ አበባውን አስታውሼ፣ «እማዬ፣ ተሸፋፍኜ መተኛት የለብኝም?» ብዬ ጠየቅኩ።

እናቴ ሳቀች። «እዚህ አገር ማን ተኝቶ ይታከማል?» አለች። «ሂጂ አግዣት። አትታጠቢው ብቻ፣ ይስራ።»

እሷ ሶፋ ላይ ተኛች፣ እኛ ወደ ገበያ ሄድን። እትዬ የዘረጋችው ድንኳን ዕቃውን እንጂ እኔን አያስጠልልም፤ ሻርፑን በክንዴ ይዤ ገዢ የምጠራው ፊት ለፊት ቆሜ ነበር። የሳን ሆዜ ፀሐይ እንደ ኦክላንዱ አይደለም፤ ከባሕር የሚመጣ ጭጋግ የለም፣ ነፋስም የለም። እስከ ማምሻው ቆምኩ። ሰው አላፈጠጠብኝም፤ ቅባቱ ፊቴን አጥርቶት ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። ማታ እናቴ ከቅጠሉ ዘንጠፍ አድርጋ በእርጥብ ፎጣ ወረቀት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና ወደ ቤት ተመለስን።

እሑድ ፊቴ ቀላ ከማለት በቀር ምንም አልነበረውም። ሰኞ ጠዋት ግን ፊቴ ላይ እሳት የተለጠፈ መሰለኝ። መብራቱን አብርቼ መስታወቱን አየሁ። ጉንጮቼ ላይ ከዓይኔ ሥር እስከ አገጬ ውሃ የቋጠረ ነገር ተሰልፏል፤ አንዳንዱ የባቄላ ፍሬ ያህላል። ጮህኩ። እናቴ ከሥራ መግባቷ ነበር፤ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ሮጣ መጣች።

አገጬን ይዛ ወደ መብራቱ አዞረችኝ። ያየሁባት ድንጋጤ ቶሎ ነው የለቀቃት፤ ምክንያቱም የምታውቀው ነገር ነበር።

«ይኸውልሽ፤ አላልኩም?» አለች። «ቅዳሜ ፀሐይ ላይ ስትውዪ ጊዜ ምቹ ጠናብሽ።»

ወዲያው ቦርሳዋን ከፍታ የሳን ሆዜውን ጤና አዳም አወጣች። ጠናብሽ ካለች በኋላ የሚቀረው ነገር የታወቀ ነው፤ መድኃኒቱንም ማጠንከር። ያበጠው ላይ፣ የፈረጠውም ላይ ሳይቀር ቀባችኝ። አሁን አቃጠለኝ፤ «ቻይው፣ መድኃኒት ነው» አለችኝ። የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ስለነበረ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሜዳ ላይ ነው።

ማክሰኞ የግራ ዓይኔ አልከፈት አለ። ፊቴ እዥ ይዟል፣ ያበጠው አንዱ ካንዱ ተገናኝቷል። እንደዚያም ሆኜ ለፈተናው ሄድኩ፤ የሐበሻ ልጅ በሽታ ከፈተና አይበልጥበትም። ፈተናውን ግን አላየሁትም። መምህሯ ገና ከበሩ አይታኝ ወደ ትምህርት ቤቱ ነርስ ወሰደችኝ፤ ነርሷም ፊቴን አየት አድርጋ በሩን ዘጋችና፣ «ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ?» አለችኝ።

ነገሩ የገባኝ ሆስፒታል ስደርስ ነው። ቁስሉ መስመር ነበረው። በእያንዳንዱ ጉንጬ ላይ ሦስት፣ ሦስት መስመር፣ የሰው ጣት ስፋት። ማንም ያየው ሰው አንዲት ሴት በጋለ ነገር ወይም በአሲድ በተነከረ እጅ ልጇን እንደያዘቻት ነበር የሚያስበው። አንዲት የልጆች ጉዳይ ሠራተኛ መጥታ ለብቻዬ አስቀመጠችኝ። እናትሽ ትመታሻለች? ትቆጣለች? ምን ደፋችብሽ? ትለኛለች። ቅጠል ነው፣ ለብጉር ነው፣ እላለሁ። ትጽፋለች፤ እንደማታምነኝ ከፊቷ አነብባለሁ። ፊቴ ጠፍቶ እናቴም ልትሄድብኝ ነው ብዬ አለቀስኩ። የእንባው ጨው ቁስሉን ሲነካው ጊዜ ደግሞ ለሌላ ምክንያት አለቀስኩ።

እናቴ ከእንቅልፏ ተነስታ፣ ነጠላዋን ሹራቧ ላይ ጣል አድርጋ፣ በአውቶቡስ ደረሰች። «ስኩል ኮል አድርገው ‹ሆስፒታል፣ ሆስፒታል› ይሉኛል፤ የሞትሽ መስሎኝ!» እያለች ገባች። ክፍሉ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች እንዴት እንደሚያይዋት አላየችም። እኔ አይቻለሁ።

ሐኪሟ ሴት ነበረች፣ የቆዳ ሐኪም። ቅጠሉ የቱ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ስሙን በእንግሊዝኛ አላውቀውም። እናቴ ግን ጥያቄውን ስተረጉምላት ቦርሳዋን ከፍታ የተረፈውን አወጣችላት። ስትሰጣት ኮራ ብላ ነበር፤ ሙያዋን የጠየቀቻት የመጀመሪያዋ የአሜሪካ ሰው እሷ ሳትሆን አትቀርም። ሐኪሟ አሸተተችው፣ ይዛው ወጣች፣ ቆይታ ተመለሰች። ለሠራተኛዋ ሦስት ጣቶቿን ሳታስነካኝ ከጉንጬ ፊት ለፊት ይዛ አሳየቻት፤ የቀባ እጅ ነው እንጂ የመታ እጅ አይደለም አለቻት። ከዚያ ወደኔ ዞረች። ቅጠሉ ብቻውን ምንም አያደርግም። ፀሐይም ብቻዋን እንዲህ አታደርግም። ጭማቂው ያለበትን ቆዳ ፀሐይ ስታገኘው ነው የሚቃጠለው፤ የሚያሳየውም በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ነው። ለእናትሽ ንገሪያት አለችኝ።

ነገርኳት። «እማዬ፣ ምች አይደለም። ያቃጠለኝ ያንቺ ቅጠል ነው። አንቺ ነሽ ያቃጠልሽኝ።» ሐኪሟ እንደዚያ አላለችም። እኔ ነኝ ያልኩት፤ ደግሞም ሐሰት አልነበረም።

እናቴ ሐኪሟ ያሳየቻቸውን ሦስት ጣቶች አይታለች፣ ጉንጬንም አየች፣ ቅጠሉን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው።

አውቶቡስ ውስጥ ነው አፏን የከፈተችው። ሁለት እጆቿን ፊቴ ላይ ዘረጋቻቸው። «እስቲ እዪ። ያሸሁት በዚህ አይደል? ታዲያ እጄን ምን አገኘው?»

«ታጠብሽ፤ ከዚያ ተኛሽ። ፀሐይ አላየሽም እኮ!»

«ስንት ልጅ ቀብቼ አድኛለሁ! አንድ እንኳ የተቃጠለ አለ?»

«አይ ዶንት ኖው! ፊቴን እዪው!» ብዬ ጮህኩባት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። 

ቁስሉ ሲሽር ምልክቱ መጣ። ቆዳው ተልጦ ሥሩ ቡና ዓይነት ጥቁር ሆነ፤ በየጉንጬ ሦስት መስመር፣ ከሩቅ የሚነበብ። ሐኪሟ እንደኛ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ብዙ ወር፣ ምናልባትም ዓመት ይቆያል አለች፤ ጨርሶ ይጠፋል ብላ ግን ቃል አልገባችልኝም። ማታ ማታ የምቀባው ክሬም ሰጠችኝ፣ ፀሐይ ከለከለችኝ። ክረምቱን በሙሉ ቤት ውስጥ ተዘግቼ አሳለፍኩ። በመስመሮቹ መሃል ብጉሩ እንደልቡ ይወጣ ነበር፤ እሱን የነካው ነገር የለም።

እኔ ከእናቴ የምፈልገው አንድ ቃል ነበር። ይቅርታ እንድትለኝ። ፈረንጆቹ ጓደኞቼ ቤት እናት ልጇን «አይም ሶሪ» ስትል ሰምቼ አውቃለሁ፤ ልጅቷም ምንም አይመስላትም፣ ትከሻዋን ሰበቅ አድርጋ ትሄዳለች። እኛ ቤት ወላጅ ልጁን ይቅርታ አይጠይቅም። ብዙ ጊዜ የሚወዱት ምግብ ይሠራል፤ እሱ ነው ይቅርታው። እናቴ ያንን እንኳ አላደረገችም፤ ምክንያቱም ጥፋተኛ መሆኗን አላመነችም።

እትዬ ደግሞ በስልክ ታጋግላታለች። ድምፅዋ ከስልኩ አልፎ ይሰማኛል። «ጤና አዳም? እኛ ስንጠጣው የኖርነው? ፈረንጅ የኛን መድኃኒት መቼ ወዶ ያውቃል! ልጅሽን ሊነጥቁሽ ነበር እኮ፣ ተመስገን በይ።» እናቴ «እሱስ ነው» ትላለች። ግን ድምፅዋ እንደ ድሮው አልነበረም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ እናቴ እረፍት በነበረችበት ቀን፣ ከእንቅልፌ ነቅቼ ቤቱ ውስጥ አጣኋት። በመስኮቱ ሳይ ውጭ የደረጃው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዳ፣ ፊቷን ቀና አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍናለች። እናቴ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ አይቼ አላውቅም። በሩን ከፈትኩና ገና ሳልጠጋት ሽታው ደረሰኝ።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ፀሐይ እየሞቅኩ።»

ግራ ጉንጯ አረንጓዴ ሆኖ ደርቋል። እትዬ ሌላ ቅጠል ልካላት ኖሯል።

«ታጠቢው! አሁኑኑ ታጠቢው!»

«ግቢ አንቺ» አለችኝ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ላንቺ ፀሐይ ተከልክሏል።»

ውሃ በጣሳ ቀድቼ መጣሁ፣ ጎኗ አስቀመጥኩት። አልነካችውም። ፊቷ ላይ ልደፋባት አሰብኩ፤ እናት ላይ ውሃ አይደፋም። ገብቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩና ተናድጄ አለቀስኩ። ፀሐይዋ ከጎረቤት ጣሪያ ጀርባ እስክትገባ ድረስ ከዚያ አልተነሳችም።

ያን ማታ ሥራ ገብታ፣ በማግሥቱ ጠዋት ስትመለስ ቀሰቀሰችኝ። ጉንጯን ወደኔ አስጠጋች። «አየሽ? ምንም የለም። አየሽ አይደል?» ፊቷ እንደ ልጅ በርቶ ነበር። ሐኪሟ በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ማለቷን ላስታውሳት ፈልጌ ተውኩት። እኔም የራሴን ቆዳ ረስቼ፣ እናቴ ትክክል ብትሆን ምናለ ብዬ በልቤ ተመኘሁ።

ማክሰኞ ጠዋት የበሩ ቁልፍ ሲዞር ሰማሁ፤ ወደኔ ግን አልመጣችም። ብወጣ ወጥ ቤት ቆማለች፣ ኮቷን ሳታወልቅ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። «እማዬ» አልኳት። ዞረች። ውሃ የቋጠረው ከዓይኗ ሥር እስከ መንጋጋዋ ተሰልፏል፣ ሦስት መስመር።

ብዙ ጊዜ ይህን ለሰው ሳወራ «አይ እናት! አይ የእናት ፍቅር!» ይሉኛል። እበሽቃለሁ። ፍቅር አልነበረም፤ ክርክር ነበር። ሐኪሟንና እኔን ልትረታ ነበር ደረጃው ላይ የተቀመጠችው። እናቴን ያየሁ እኔ ነኝ። በዚያች አንድ ቀን የነበራትን ደስታ ያየሁ እኔ ነኝ።

ቁጭ አለች። ለኔ ይሁን ለራሷ ሳይለይ፣ «አገር ቤት የቀባሁትን ልጅ ሁሉ ፀሐይ አታሳዩት እል ነበር» አለች። «ለምን እንደምል ግን አላውቅም ነበር። እናቴም እንዲሁ ነበር የምትለው።» ከዚያ ተነስታ ቦርሳዋ ውስጥ የቀረውን ቅጠል አውጥታ ቆሻሻው ውስጥ ጨመረችው።

የአሮጊቷ ልጅ የእናቴን ፊት አይታ ደነገጠች፤ በሽታው አሮጊቷን ይይዛል ብላ እስኪሻልሽ አትምጪ አለቻት። ሲሻላት ሌላ ሰው ተቀጥሮ ነበር። ከዚያ ሪችመንድ ውስጥ የልብስ እጥበት ሥራ ገባች። ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች አንዷ ልጄን ምች መታው ብላ ስትደውልላት «ሐኪም ቤት ውሰጅው» ብላ ስልኩን ስትዘጋ ሰማሁ። ሁለተኛ ቅጠል በእጇ አልያዘችም። ከዚያ ወዲህ ያለችው እናቴ ተለቅ ያለ ነገር የጎደለባት ሴት ናት፤ የጎደለውንም እኔ አውቀዋለሁ።

የእሷም ቁስል ሲሽር እንደኔው ጠቆረ። አንድ ማታ የኔን ክሬም ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጣቴ ላይ አድርጌ ወደ ጉንጯ ስዘረጋ እጄን ያዘችኝ።

«ላንቺ ነው የታዘዘው።»

«ለሁለታችንም ይበቃል። ሲያልቅ ሌላ ትሰጠኛለች።»

«ተይኝ» አለች። «ያንቺ ይልቀቅ። የኔ ይቆይ።»

እጄን ለቀቀችኝና ቴሌቪዥኑን ከፈተች። ክሬሙን ከጣቴ ላይ የራሴ ጉንጭ ላይ ቀባሁት። የምፈልገው ቃል እሱ አልነበረም፤ ከዚያ በኋላም አልመጣም፣ እኔም መጠበቁን ተውኩ።

የኔ ምልክት ሃይስኩል ስጨርስ ደብዝዞ ነበር፤ ዛሬ እኔ ካላሳየሁት ማንም አያየውም። የእናቴ ግን እንዳለ ነው። እሷ ዘንድ ስሄድ በሩን ከፍታ አንገቴን ታቅፈኛለች። ግራ ጉንጯን መሳም እስከ ዛሬ አልቻልኩም። አንድም ቀን ለምን ብላኝ አታውቅም፤ እንደደረስኩ ቀኙን ትሰጠኛለች፣ ደጋግሜ እሱኑ እስማታለሁ።